ጊጋቢቱን ተዉትና ማይክሮሰከንዱን ንገሩን

በአራት ቨርቹዋል ማሽኖች (ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ላይ የተጫነ የአየር ትንበያ ሞዴል በሁለት ላይ ከነበረው ይልቅ ሲንቀራፈፍ ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ተቋም የአይቲ ክፍል «ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ በሰከንድ 25 ጊጋቢት ነው፣ ለክተነዋል» አለ። እውነታቸውን ነበር። ትልልቅ ፋይል ሲላክ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ጉዱ የወጣው 8 ባይት ብቻ የሆነች መልእክት ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ልከን መልሷን ስንጠብቅ ነው።

የትንበያ ሞዴል ትልቅ ፋይል አይልክም። ካርታውን ቆራርጦ ለየማሽኑ ያድላል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን አስልቶ ድንበሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ከጎረቤቱ ጋር ይለዋወጥና ወደ ቀጣዩ እርምጃ ይሄዳል። ይህ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። እስቲ በወረቀት እናስላው። አንዱ እርምጃ 1 ሚሊሰከንድ ስሌትና ተራ በተራ የሚሄዱ 20 መልእክቶች ይፈልጋል እንበል። እያንዳንዱ መልእክት 50 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ ልውውጡ ብቻ ሌላ 1 ሚሊሰከንድ ይበላል፤ ፕሮሰሰሩ ግማሹን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በ2 ማይክሮሰከንድ ቢደርስ ግን ልውውጡ ከጠቅላላው ጊዜ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጊጋቢቱ እዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ታዲያ ጊዜው የት ይጠፋል? በተለመደው አሠራር ከቨርቹዋል ማሽኑ የወጣ መልእክት በቀጥታ ወደ ኔትወርክ ካርዱ አይሄድም። ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ውስጥ ባለው የሶፍትዌር ስዊች በኩል ያልፋል፤ እዚያ ይገለበጣል፣ ይፈተሻል፣ ተራ ይጠብቃል። መንገዱ ስምንት መስመር ቢኖረውም ኬላው ላይ ሁሉም ይቆማል። ይባስ ብሎ መዘግየቱ አንዴ ያጥራል፣ አንዴ ይረዝማል። ጥማድ በሬ ያረሰ ያውቀዋል፦ አንዱ ካነከሰ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ እርሻው በአንካሳው እርምጃ ነው የሚሄደው።

የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የማጀላን ሪፖርት እንዲህ እርስ በርስ አዘውትረው የሚነጋገሩ ፕሮግራሞች በወቅቱ ክላውድ ላይ ክፉኛ እንደሚጎተቱ ጽፎ ነበር። ዛሬም ይህንኑ ይዘው «ቨርቹዋል ማሽንና ሱፐርኮምፒውተር አይገናኙም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ማይክሮሶፍት በአዙር ክላውዱ ላይ ያቆመው ኢግል የተባለ ሱፐርኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የዓለምን ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች በሚደረድረው የቶፕ500 ዝርዝር 3ኛ ወጥቷል። እርግጥ ደረጃው የሚሰጥበት የሊንፓክ ፈተና ለመዘግየት ያን ያህል ስስ አይደለም፤ ከትንበያ ሞዴል ይልቅ ለኔትወርኩ ይራራል።

የተለወጠው ኬላው ነው። ኤስአር-አይኦቪ የሚባለው አሠራር አንዱን ካርድ ብዙ ካርድ አስመስሎ ለየቨርቹዋል ማሽኑ ያድላል፤ መረጃው በሃይፐርቫይዘሩ ሳያልፍ ከማሽኑ ሜሞሪ በቀጥታ ወደ ካርዱ ይሄዳል። ካርዱ ኢንፊኒባንድ (ለስሌት ማሽኖች የሚውል ፈጣን የኔትወርክ ዓይነት) ከሆነ መዘግየቱ ከ2 ማይክሮሰከንድ ብዙም አይርቅም። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ ማሽኑን ሥራ ላይ እንዳለ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ይከብዳል። የዳታ ሴንተር ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ ለሌሊት ጥገና ስለሚያስቸግራቸው አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ለኢሜይል ሰርቨር የታሰበ ምቾት ለስሌት ክላስተር ምን ይሠራለታል? ሞዴሉ ውጤቱን በየሰዓቱ ዲስክ ላይ እያስቀመጠ ከሄደ ካቆመበት ይቀጥላል።

ባየኋቸው የጨረታ ሰነዶች ላይ የኮር ብዛት፣ ራም፣ ጊጋቢት ተደርድሯል፤ የመዘግየት ጣሪያ ግን የለም። በሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች መካከል፣ ሌሎቹ ማሽኖች ሥራ ላይ እያሉ፣ የ8 ባይት መልእክት በስንት ማይክሮሰከንድ እንደሚደርስ አቅራቢው ለክቶ ያሳይ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የከፋውንም።

የዚያ ተቋም ካርድ ለካ ሲገዛ ጀምሮ ኤስአር-አይኦቪ ነበረው። ባዮሱ (የሰርቨሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ አንዲት መስመር «ዲስኤብልድ»፣ ማለትም «ተዘግቷል»፣ ትላለች። ለማብራት ሰርቨሮቹን አጥፍቶ ማስነሳትና ጥቂት ሰዓት ማስተካከል በቂ ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት ግን ሦስት ሳምንት ደብዳቤ ተጻጻፍን።