አምፖሉን አጥፍታችሁ ቦይለሩን አትርሱ

ወገኖች፣ በየቤታችሁ ስለ ኃይል ቁጠባ በተነሳ ቁጥር ጭቅጭቁ አምፖል ላይ ነው። ልጁ መብራት ሳያጠፋ ወጣ ተብሎ ይቆጡታል፣ የስልክ ቻርጀር ከሶኬት ይነቀላል። ቦይለሩ ግን ከትናንት ጀምሮ እንደበራ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ይህን ቁጠባ ብላችሁ አትጥሩት። ዓይን የሚያየውን ብቻ ማሳደድ ነው።

ሂሳቡ እነሆ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በዚሁ ኃይል 230 ሰዓት፣ ማለትም ሌት ተቀን ከዘጠኝ ቀን በላይ ይበራል። ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀርማ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም። ንቀሉት፣ ግን ነቅላችሁ አትኩራሩ። ኃይል የሚጨርሰው ሙቀት የሚሠራው ዕቃ ነው።

«ቦይለር ጠፍቶ እንደገና ሲሞቅ ይብስበታል» የምትሉም አላችሁ። አይብስበትም። ከታንከሩ የሚያመልጠው ሙቀት የውሃውና የክፍሉ ሙቀት በተራራቀ መጠን ይጨምራል፤ ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያመልጠውም ያንሳል። እንደበራ ካደረ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንደሞቀ ሙቀት ያፈሳል፣ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም እየተነሳ የፈሰሰውን ይተካል። ባለ 50 ሊትር ታንከር ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ ካለው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ሲሞቅ አጥፉት። ቤተሰቡም ተከታትሎ ይታጠብ፤ አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ ካለ ቦይለሩ ሁለቴ ይሠራል። ቴርሞስታቱ 75 ላይ ከሆነ ወደ 60 አውርዱት። ከ60 በታች ግን አትውረዱ፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል።

ሻወሩ በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈስ ከሆነ፣ በ40 ዲግሪ ውሃ ለ10 ደቂቃ የታጠበ ሰው ብቻውን ያንኑ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ጨርሷል። ሳሙና ስትቀቡ ዝጉት።

ወጥ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ድስቱ ፈልቶ ሲንተከተክ ምድጃውን ዝቅ የሚያደርግ ስንት ሰው ነው? ክዳኑ ክፍት የሆነ ድስት ውስጥ ውሃ የቱንም ያህል ቢንፈቀፈቅ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ከፍታ ቦታ ላይ እንዲያውም ያንሳል። እሳት ሲጨመርበት የሚበዛው እንፋሎቱ ነው፤ ምግቡ ቶሎ አይበስልም። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኃይል ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ ለማፍላት ከሚበቃው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ክዳን ግጠሙ፣ መፍላት ሲጀምር ዝቅ አድርጉ። የኤሌክትሪክ ምድጃው የብረት ሳህን ያለው ከሆነ ምግቡ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አጥፉት፤ በያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል። ቂጡ የተጣመመ ድስት ከሳህኑ ጋር ስለማይገጥም በሥሩ አየር ገብቶ ሙቀቱን ያግደዋል። ለአንድ ኩባያ ሻይም ማፍያውን እስከ አፉ አትሙሉት።

ፍሪጁን 4 ዲግሪ፣ በረዶ የሚሠራውን ክፍል (ፍሪዘሩን) ከዜሮ በታች 18 ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ ጥቅም የለውም። ትኩስ ድስት አታስገቡበት። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፦ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል፣ ሞተሩ እረፍት ያጣው ለዚህ ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽንም ብዙውን ኃይል የሚበላው ውሃ ለማሞቅ ነው፤ ሞልታችሁ በ30 ዲግሪ እጠቡ። ካውያ በየቀኑ ለአንድ ሸሚዝ ከማሞቅ የሳምንቱን ባንድ ጊዜ መተኮስ ይሻላል።

በሪሞት «ያጠፋችሁት» የቴሌቪዥን ዲኮደር ጠዋት ሲነካ ለብ ካለ ሌሊቱን ኃይል ሲበላ አድሯል። 10 ዋት ዓመቱን ሙሉ ሲቆጠር 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳትሉ እንሰጋለን። «ሁላችንም እናጥፋ» የተባለ ነገር ማንም አያጠፋውም። ቦይለሩን የሚያጠፋውን ሰው በስም ወስኑ፤ ጊዜውንም ከሌላ ሥራ ጋር እሰሩት፤ ለምሳሌ መጨረሻ የታጠበው ሰው ፎጣውን ሲሰቅል ያጥፋ።

ከዚያ ቆጣሪውን ጠይቁ። አብዛኛው ዲጂታል ቆጣሪ ብልጭ የምትል መብራት አለችው፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራም ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1000 ከሆነ፣ በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩና 3600ን ለእሱ አካፍሉ፤ በዚያች ቅጽበት የምትጠቀሙትን ዋት ታገኛላችሁ። በየ36 ሰከንዱ ብልጭ ካለች 100 ዋት ነው። ማታ ሁሉን አጥፍተናል ስትሉ ለኩት። ፍሪጁ ሳይሠራ መብራቷ በየሁለት ሰከንዱ ብልጭ ካለች፣ አንድ ማሞቂያ ተረስቷል፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ፈልጉት።