ልጄን መቼ እንደወለድኩት የሚነግረኝ ሰው ተገኘ

ልጄ የተወለደው ጥቅምት 12 ቀን 2002 ነው። ሚካኤል ዕለት። 40 ቀኑ ኅዳር ጽዮን ላይ ስለዋለ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። በፈረንጅ ኦክቶበር 2009 መሆኑ ነው። 16 ሞልቶታል።

ወረቀቱ ግን ጃንዋሪ 1፣ 2011 ይላል። ኬንያ ስደተኛ ብለው ሲመዘግቡን ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየን የሞላው ነው። የእኔም ጃንዋሪ 1። የባለቤቴም ጃንዋሪ 1። እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር የማገኛቸው ስደተኞች ስንቶቹ ልደታቸው ያው ጃንዋሪ 1 ነው!

እንደምንም ችለነው ኖርን። ከዚያ ሕጉ መጣ። ከዲሴምበር 10፣ 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ስናፕቻት፣ ዩቲዩብ ላይ አካውንት አይኖረውም። ያልከለከለ ድርጅት እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ የሚያበራ ስልክ ያየች እናት ታውቀዋለች። ግን የእኔ ልጅ 16 ነው እኮ!

አካውንቱን ዘጉበት። ካምፕ የቀሩ ጓደኞቹ፣ የኳስ ቡድኑ ልጆች፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። መተግበሪያው ፊትህን አሳይ አለው፣ አሳየ። መለየት አልቻልኩም፣ መታወቂያ አምጣ አለው። መታወቂያው 2011። እናቱ ልፈርምለት? የወላጅ ፈቃድ በዚህ ሕግ አይሠራም።

ስለዚህ ዛሬ ልደቱን ላስተካክል ቢሮ ሄድኩ። የቢሮዋ ሠራተኛ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችኝ።

«መቼ እንደተወለደ በምን ያውቃሉ ነው የምትለው» አለኝ አስተርጓሚው። ድምፁ ራሱ አፍሯል።

«እኔ ነኛ የወለድኩት!»

«ማስረጃ አለዎት ወይ ትላለች።»

«ምጤ ነው ማስረጃዬ! ሌሊቱን ሙሉ ያማጥኩት!»

ዝም አለ። ከዚያ «እናቴ፣ እንዳለ ልተርጉመው?» አለኝ።

«እንዳለ! አንዲት ቃል እንዳትቀንስ!»

ሴትየዋ ፈገግ አለች። አንጀቴን ያሳረረችው በዚያ ፈገግታ ነው። «የእናት ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ከአገርዎ የልደት ሰርተፍኬት ያምጡ።»

ከየት? አገራችን ልደትን በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ልጄ ያኔ 6 ዓመት አልፎት ነበር። የክርስትና ካርዱ ከነቤቱ ቀረ። ሰው ሲሸሽ የሚያዝለው ልጁን ነው ወይስ ፋይል?

ደግሞ ትምህርት ቤት ስናስገባው ምን እንዳሉን አልረሳም። «ይህ ልጅ በእርግጥ በዚህ ዕድሜ ነው?» ብለው እንደ ሌባ አዩን። ጠርጥረውም ግን ያስቀመጡት ከታናናሾቹ ጋር ነው። ጢሙ ያቆጠቆጠ ልጅ! ቪክቶሪያ ውስጥ የለማጅ መንጃ ፈቃድ በ16 ነው፣ እሱም ተዘጋበት። ሲጠረጥሩን ትልቅ፣ ሲከለክሉን ትንሽ። አንዱን ይምረጡ!

ይህ አገር በዓመት 20 ሺህ ቦታ ለስደተኛ ይሰጣል። እኔም በዚያ ነው የገባሁት፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን ተቀብለኸኝ ስታበቃ ቃሌን ካልተቀበልክ ምኑን ተቀበልከኝ? እህቴን በ202 ቪዛ፣ እዚህ ያለ ሰው ለስደተኛ ዘመዱ በሚያመለክትበት ቪዛ፣ ፕሮፖዝ ካደረግኩ ስንት ክረምት አለፈ። እዚያ ፎርም ላይም የልጄ ልደት 2011 ተብሎ ተሞልቷል። አሁን ባስተካክለው «ቃልሽ ተለዋወጠ» ብለው የእሷን ፋይል ቢጥሉትስ? ይህን እያሰብኩ ምሳ እንኳ አልበላሁም።

ልጄ ደግሞ «እማ፣ ተዪው በቃ» ይለኛል። በ16 ዓመቱ ተስፋ መቁረጥ ለመደ። እኔ አልተወውም። ሜልበርን ያላችሁ፣ ዕድሜ ያስተካከለ ሰው የምታውቁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። በምን ወረቀት እንዳስተካከለ፣ ጠበቃ ይዞ ከሆነም የትኛውን እንደያዘ። «አይዞሽ» ብቻ የምትሉ ግን ዛሬ ተዉኝ።