ክርክር፦ የስቴንት መድኃኒት ቀስ ብሎ ይውጣ ወይስ ቶሎ?

ኢንጂነሩ፦ ስቴንት የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ ነው። ባዶ ብረት ብቻ ሲሆን ቧንቧው እንደ ቁስል ያየዋል፤ ሕዋስ ይባዛና መልሶ ይጠባል። ብረቱን መድኃኒት ባዘለ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ ባለ ስስ ልባስ፣ የምንለብጠው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት እላለሁ። ኤንዴቨር የተባለውን ስቴንት ተመልከቱ። ዞታሮሊመስ የተባለውን መድኃኒቱን ከሞላ ጎደል በ2 ሳምንት ጨረሰ፤ ቧንቧው ሳይፈር የተባለው ስቴንት ከገባበት ይበልጥ ጠበበ። ሪዞሉት የተባለው ስቴንት ያንኑ መድኃኒት በሌላ ፖሊመር ይዞ በ6 ወር ለቀቀ፤ መጥበቡም ቀነሰ። የተቀየረው አለቃቀቁ ነው። ፖሊመሩ እንደሆነ ሥራውን ሲጨርስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሐኪሟ፦ «ዝም ብሎ ይቀመጣል» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። የሳይፈር ፖሊመር ዝም አላለም። 2006 ላይ ባርሴሎና በተካሄደው የአውሮፓ የልብ ሕክምና ጉባኤ ያስደነገጠን፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ስቴንቱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። መድኃኒቱ እኮ አብዛኛው በመጀመሪያው ወር ወጥቷል! የቀረው ፖሊመሩ ነው። በአስከሬን ምርመራም አለርጂ የሚመስል ብግነት በዙሪያው ተገኝቷል።

ኢንጂነሩ፦ ሳይፈር የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ዛሬ ያለነው ሌላ ቦታ ነው። ሲነርጂን ይውሰዱ፤ ፖሊመሩ ያለው በቧንቧው ግድግዳ በኩል ብቻ ነው፣ በ4 ወር ገደማም ሟሙቶ ያልቃል።

ሐኪሟ፦ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ እንዲሟሟ ማድረግ ለምን አስፈለገ? ደግሞ ኤንዴቨርን ያነሱት እርስዎ ነዎት። በፕሮቴክት ጥናት በ4 ዓመት ውስጥ ደም የረጋው ከሳይፈር ያነሰ ነው፤ ያውም መድኃኒቱን ቶሎ የለቀቀው እሱ ሆኖ። ይህን ለምን ዘለሉት?

ኢንጂነሩ፦ ዶክተር፣ አንድ ቃል መዘው ይዘውኛል። ይህን ልባስ በእጄ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ጉዳቱ እንዳላሰብኩ መቆጠሬ ያሳዝነኛል። ቧንቧው መልሶ የጠበበበት ሰውም ታካሚ ነው።

ሐኪሟ፦ ነው እንጂ። ግን ቧንቧው ሲጠብ ብዙውን ጊዜ ደረቱን ያመውና ይመጣል፣ እንደርስለታለን። ደም ሲረጋ ግን ብዙ ፋታ አይሰጠንም። ያንን ፈርተን ሁለት ዓይነት ደም ማቅጠኛ ለወራት እናስውጣለን፤ ጨጓራው የሚደማ ሰው ደግሞ በዚያው ይጎዳል። ፖሊመር የሌለው ባዮፍሪደም ስቴንት 2015 ላይ፣ ለመድማት በተጋለጡ ታካሚዎች፣ ሁለቱ ክኒን አብረው ለ1 ወር ብቻ ተወስደው ባዶውን ብረት በልጧል።

ኢንጂነሩ፦ 2020 ላይስ? ኦኒክስ ዋን የሚባለው ጥናት ሪዞሉት ኦኒክስን ከዚሁ ከባዮፍሪደም ጋር አወዳደረ። ለሁለቱም ስቴንቶች ጥምር ክኒኑ 1 ወር ነበር። ፖሊመር ያለው አላነሰም!

ሐኪሟ፦ እሺ፣ እቀበላለሁ። ስለዚህ ታካሚዎቼን ሁሉ ሁለተኛውን ክኒን በ1 ወር ላስቁማቸው? ያ ጥናት ያየው ለመድማት የተጋለጡትን ነው።

ኢንጂነሩ፦ ለሁሉም አላልኩም።

ሐኪሟ፦ «ዝም ብሎ ይቀመጣል» ሲሉ ግን ለሁሉም ነበር።