ሁሌ «ቴፑ ይቀየር»!

መኪናዬ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ስፒከር ድምፁ መሻከር ከጀመረ ሰነበተ። ከጊዮርጊስ ተነስቼ አባይ ማዶ እስክደርስ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የማሲንቆውማ ነገር አይነሳ!

ያናደደኝ ግን ብልሽቱ አይደለም። ባህር ዳር ውስጥ ያሳየሁት ባለሙያ ሁሉ ገና በሩን ሳይከፍት «ቴፑ ይቀየር» ነው የሚለው። ኧረ በፈጣሪ! መጀመሪያ አዳምጡት እንጂ። ቴፑ ላይ ባላንስና ፌደር የሚባል ነገር አለ። ድምፁን ወደ አንድ ጥግ ብቻ መላክ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከሻከረ፣ ችግሩ የዚያ ስፒከር ወይም የሽቦው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ወደ ቴፑ የሚኬደው ሁሉም ከሻከሩ ነው። ያኔም ቢሆን ቤዙን መቀነስና ብሉቱዙን ከሬዲዮ ጋር ማወዳደር ይቀድማል። ነፃ ነው እኮ!

የእኔ የሻከረው አንዱ ብቻ ነበር። ሲመረኝ እሱ ያለበትን በር ሽፋን ራሴ ፈታሁት። የስፒከሩን ወረቀት ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ወረቀቱን ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ ስጫነው ደግሞ ከኋላው ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን እየፋቀ «ክርር» ይላል። ይህን ለማወቅ ምን ማሽን ያስፈልጋል? ቴስተር እንኳ አላወጣሁም።

አንዱማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የጣና እርጥበት ነው፣ ምንም አይደረግም!» እርጥበት ወረቀት እንደሚጎዳ መቼ ጠፋኝ። ታዲያ የቀሩት ሦስቱ ስፒከሮች ጎንደር ናቸው እንዴ ያሉት?