በረዶው ሲጋጭ ሁሉም አይጠፋም
ከሳተርን ጨረቃ ከኢንሴላደስ የሚፈነጠቀውን በረዶ በጠፈር መንኮራኩር ላይ በተገጠመ መሣሪያ ስለመመርመር የሚያወራው ጽሑፍ፣ «የበረዶ ቅንጣት በዚያ ፍጥነት መሣሪያውን ሲመታ ውስጡ ያለው ሁሉ ይወድማል» ማለቱ ልክ አይደለም። ወሳኙ የፍጥነቱ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ሞለኪውል) ያለባቸውን የበረዶ ቅንጣቶች ላብራቶሪ ውስጥ አስወንጭፈው አጋጭተዋል። በሰከንድ እስከ 4.2 ኪሎ ሜትር ድረስ አሚኖ አሲዶቹ ሳይሰባበሩ ተገኝተዋል። በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው! ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በ2015 የኢንሴላደስን የበረዶ ፍንጣቂ ስታቋርጥ ግን ፍጥነቷ በሰከንድ 8.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ እዚያ ላይ ስጋቱ ይገባኛል። ከላይ «የላብራቶሪ ሙከራ ምን ይጠቅማል?» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ በርሊን ውስጥ ቀጭን የውኃ ጅረትን ቫክዩም (አየር የሌለበት ቦታ) ውስጥ በሌዘር እየመቱ ግጭቱን ያስመስላሉ። የኢንሴላደስ በረዶ ውስጥ ፎስፌት (ለሕይወት የሚያስፈልግ የፎስፈረስ ውሕድ) መኖሩ የታወቀው የካሲኒ መረጃ ከእንዲህ ዓይነት ሙከራ ጋር ተነጻጽሮ ነው።