የቤተ ልሔምን ውኃ ጠጥተነዋል

ወገኖቼ፣ የካቲት በገባ ቁጥር ነገረ ሥራችን ያስጨንቀኛል። በአንድ ወር ውስጥ፣ በአሥራ አንድ ቀን ልዩነት፣ ሁለት ቀን አለን፤ የሰማዕታቱ 12 እና የዐድዋው 23። በ23ኛው ቀን ጎፈር እንደፋለን፣ ጋሻ እናነግባለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ቀረርቶው ከየስልኩ ይለቀቃል። በ12ኛው ቀን ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። የአባቶቻቸውን ሜዳይ በመርፌ ቁልፍ ኮታቸው ላይ ያያዙ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፤ ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ምንጣፉ ሲጠቀለል ታክሲው መንገዱን ይረከባል። ማሸነፋችንን እንወዳለን። መሞታችን ግን ቶሎ ይሰለቸናል።

ዐድዋ አይዘከር ማለቴ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ታቦቱን አጅበው የተሰለፉት ሰዎች ለምን እንደሄዱ ያውቁ ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉት ከዚያ በሕይወት አልተመለሱም። የኔ ጭንቀት እነሱ የሠሩት ሳይሆን እኛ በእነሱ ሞት የምንሠራበት ነገር ነው።

እስቲ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23ን ክፈቱልኝ። ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ውስጥ ነው። ወራቱ መከር ነው፤ ፍልስጥኤማውያን ቤተ ልሔምን ይዘዋታል። (የቁርባን ኅብስት የሚጋገርበትን ቤት ቤተ ልሔም እያልን ለምንጠራ ለእኛ ስሙ እንግዳ አይደለም።) ዳዊት ተጠማ፤ ያደገበትን ቀዬ ውኃ ናፈቀ። ትእዛዝ አላዘዘም፤ በቤተ ልሔም በር ካለው ጉድጓድ ማን ባጠጣኝ ብሎ ተመኘ እንጂ። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ገቡ፣ ቀዱ፣ ይዘው ተመለሱ። እሱ ግን አልጠጣውም። ነፍሳቸውን አስይዘው የሄዱ ሰዎች ደም ነው ብሎ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው።

ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ ዳዊት ለታይታ ያደረገው ይመስለኝ ነበር። ሰዎቹ ሞትን ተጋፍጠው ያመጡትን ውኃ መሬት ላይ ይደፋል? ባይሆን ለራሳቸው ለምን አላጠጣቸውም? ዕድሜ ሲገፋ ነው የገባኝ። ቢጠጣው ኖሮ የሦስት ሰዎች ነፍስ የአንድ ሰው ጥም ማርኪያ ሆኖ ይቀር ነበር። ከፈሰሰ በኋላ ግን ያ ውኃ የማንም አይደለም። ማንም አይመካበትም፣ ማንም አይቸረችረውም፣ ማንም ጎረቤቱን አይመታበትም።

እኛ ጠጥተነዋል። የሞቱትን ሰዎች ለዕቃ ማስታወቂያ አውለናቸዋል፣ ለፖለቲካ ስብሰባ መክፈቻ አውለናቸዋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የእኔ አያት ነው የተዋጋው፣ ያንተ አያት የት ነበር ለሚል ክርክር አውለናቸዋል። ዛሬም በቃላት ስንጣላ ቶሎ የምንመዘው ስድብ «የባንዳ ልጅ» የሚለው ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈውን የሰው ጥፋት፣ ከሞተም በኋላ፣ በልጅ ልጁ ግንባር ላይ እንለጥፋለን። አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ምሳሌ ዳግመኛ እንዳይነገር በሕዝቅኤል አፍ የከለከለው እግዚአብሔር ነው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወጥቶ ይህን ስድብ የሚጽፍ ሰው የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያነብ አላውቅም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ቀስ ብለን እናስበው፤ ቸኩለን ስለምናልፈው ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ የሚካኤል ቀን ነበር። የፋሺስት ኢጣልያ እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለተወለደለት ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ተለፈፈ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የጣሉት በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ግቢውን ሞልተው የነበሩት እነማን ነበሩ? ዓይነ ስውራን፣ አንካሶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ሳንቲም ፍለጋ ከሌሊት የተነሡ ሽማግሎች። መትረየሱ መጀመሪያ ያረፈው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ከተማው ነደደ፤ ሰው ቤቱ ተዘግቶበት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 ብሎ አስመዘገበ፤ ኋላ ያጠኑ የታሪክ ሰዎች ወደ 19,000 ያወርዱታል። በቁጥሩም ስንጣላ አይቻለሁ። የሞተን ሰው አብዝቶ መቁጠር ክብሩን የሚጨምርለት ይመስል!

እነዚያ ለማኞች የፈረስ ስም አልነበራቸውም። አንድም ጠላት አልገደሉም። ለእነሱ የሚፎክርላቸው ሰው ስለሌለ ነው ቀናቸው ጭር የሚለው። ክርስቲያን ነን ካልን ግን አስቀድመን ልናስባቸው የሚገባን እነሱን ነበር። ጌታ ከታናናሾቹ ለአንዱ ያደረጋችሁት ለእኔ ነው ሲል፣ ድል ካደረጉ ታናናሾች ለአንዱ አላለም።

ሦስት ወር ቆይቶ ደብረ ሊባኖስ መጣ። ግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል ነው፤ ገዳሙ በምእመናን ተጥለቅልቆ ነበር። በማግስቱ መነኮሳቱና ተሳላሚዎቹ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ በሚባል ሸለቆ ዳር ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተከተሉ። ግራዚያኒ ለሮም የቆጠረው 449 ሰው ነው፤ ኋላ የተደረገው ጥናት ከአንድ ሺህ አራት መቶ በላይ ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልናገር፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ ሌላው ለሁላችን። ይህ ጦርነት ሲጀመር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ዘመቻውን የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚወስድ አድርገው አወድሰውት ነበር። መስቀሉ ቀድሞን እዚህ ከገባ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ግን ሹስተርን ለመስደብ አላነሣኋቸውም። ቀሚስ የለበሰ ሰው ጠመንጃ ሲባርክ ምን እንደሚመስል እንድናይ ነው። በቅርቡ በእኛም አገር፣ በሁሉም በኩል፣ መስቀል ይዘው ዝመቱ ያሉ አፎች ነበሩ። እነዚያ አፎች የአቡነ ጴጥሮስን በዓል ሲያከብሩ አያፍሩም?

ሁለተኛው ነገር፤ ፋሺስቱ ለደብረ ሊባኖስ ግድያ የመረጠው ከቅኝ ግዛቶቹ የሰበሰባቸውን ሙስሊም ወታደሮች ነው። የመረጣቸው ታስቦበት ነው፤ ደሙ በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል እንዲቆም። በአርበኝነቱ ዘመን ግን በየጫካው አብረው የተራቡት፣ አብረው የተቀበሩት ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። ግድያውን የመራው ጄኔራል ማለቲ የተከለውን ሽብልቅ ዛሬ እኛ በገዛ መዶሻችን የምንመታው ለምንድን ነው?

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የተጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ ለወራሪው ተገዙ ብለው እንዲሰብኩ። እንቢ አሉ። በመድኃኔ ዓለም ፊት የምንቆም ሁሉ የሳቸውን ሞት ከሌላው ጀግና ሞት የሚለየውን እንይ፤ እጃቸው ላይ መስቀል እንጂ ጎራዴ አልነበረም። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ መንገድ ሲነሣ ያለቀስን ብዙ ነን፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ እልል አልን። ጥሩ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት መካከል ሐሰትን በአደባባይ እንቢ ያለ ስንት ሰው ከመካከላችን ተገኘ? ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የነቢያትን መቃብር ትሠራላችሁ፣ የጻድቃንን መቃብር ታስጌጣላችሁ፣ በአባቶቻችን ዘመን ብንኖር ኖሮ በደማቸው ባልተባበርን ነበር ትላላችሁ ብሎ ሲገሥጽ፣ እኔ የአበባ ጉንጉኑ ይታየኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት የሠራውን ዓይነት ጭካኔ እንዳይሠራ አዘዙ። በንግሥናቸው ላይ ያላችሁን አስተያየት ለጊዜው አቆዩት። ያች ቃል ከሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 የተቀዳች ናት፤ ሕዝቡም በአብዛኛው ሰማት። ቤቱን ያቃጠለበትን፣ አባቱን የረሸነበትን አገር ሰው በመንገድ አሳልፎ ሰደደ። አባቶቻችን የማይጨውን የመርዝ ጭስ ሳይረሱ ይህን አደረጉ። መርሳትና ይቅር ማለት እንደማይተካኩ ያውቁ ነበር፤ ጌታም ከተነሣ በኋላ ለቶማስ ቁስሉን አሳየው እንጂ አልደበቀውም፤ ግን በዚያ ቁስል ማንንም አልከሰሰበትም።

እኛስ? ለነጩ ይቅር ያልነውን ለገዛ ወንድማችን ነፈግን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ስንት ሰው እንደሞተ አብረን ተቀምጠን ቆጥረን አናውቅም። እያንዳንዳችን የምንቆጥረው በእኛ በኩል የወደቀውን ብቻ ነው። የሌላው ልጅ ሞት ዜና ሆኖ ሲመጣ ደስ ብሏችሁ ያጋራችሁት፣ ራሳችሁን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ስም አልጠራም። ዳዊት ለሳኦል ምን እንዳለ አስታውሱ። ሳኦል በጦር ሊሰፋው የወረወረበት፣ በየምድረ በዳው ያሳደደው ሰው ነው። ሲሞት ግን ዳዊት ልብሱን ቀድዶ ኃያላን እንዴት ወደቁ እያለ ሙሾ አወረደለት። ድል አደረግሁ አላለም። ፎቶ አልተነሣም።

ደግሞም የሳኦል ቁባት ሪጽፋ አለች፤ ስብከት ላይ እምብዛም ስሟን አልሰማም። ልጆቿ በተሰቀሉበት ኮረብታ ማቅ አንጥፋ፣ ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ፣ ቀን አሞራውን ሌሊት አውሬውን ስታባርር ከረመች። ዳዊት ይህን ሰምቶ ነው የተጣለውን አጥንት ሁሉ፣ የሳኦልንና የዮናታንን ሳይቀር፣ አሰብስቦ በሳኦል አባት መቃብር ያስቀበረው። በአገራችን ዛሬ ስንት ሪጽፋ አለች! መርዶ ያልተነገራት፣ ለቅሶ ያልተቀመጠች፣ ልጄ ተማርኮ ይሆናል እያለች በር የምታይ። ከማን ወገን እንደዘመተ አትጠይቋት። ሄዳችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሰልፍ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በክራንች የቆመውን ሰው፣ ሳንቲም ከመወርወራችሁ በፊት፣ የት እንደቆሰለ ጠይቁት። ባድመ ይላችኋል፣ ወይም ሌላ ቦታ። ቁጭ ብላችሁ ስሙት። በቤታችሁም ያሉትን አረጋውያን የሞቱባችሁን ሰዎች ስም ጠይቁ፣ ጻፉትም፤ የፈረስ ስማቸውን ሳይሆን የክርስትና ስማቸውን። በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው እሱ ነው።

ይህን የምለው ምክንያት ስላለኝ ነው። የእናቴ እናት ትንሽ ባለመሥመር ደብተር ነበራት። ማንበብ አትችልም፤ ሰው እያስጻፈች የሙታኖቿን ስም ትሰበስብ ነበር፤ በየሙት ዓመታቸው ለንስሐ አባቷ የምትሰጠው ነው። ታላቅ ወንድሟ በ1928 ዓ.ም. በመስከረም፣ ክተቱ ሲታወጅ፣ ሄደ። እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የምታስታውሰው በሶው በስልቻ ሲታሰር እሷ የስልቻውን አፍ መያዟን ነው። የቤት ስሙን ታውቃለች። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት አባትና እናቷ ግን ነገሩ ሳይነሣ ሞቱ። ስለዚህ በደብተሩ ላይ፣ በሁለት ስሞች መካከል፣ አንድ መሥመር ባዶ አስቀርታ «ማይጨው» ብቻ አስጽፋበታለች።

ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ባለፈው የካቲት 12 ቅዳሴ ሲያልቅ ይዤው ገባሁ። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ፈጣን ነው፤ ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ባዶው መሥመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህስ?» አሉኝ።

«ማይጨው የቀረ ነው፣ አባ።»

«ስሙን ነው የጠየቅሁህ፣ ልጄ።»