ኪሮሽ በሁለት መርፌ?

እህቴ፣ «ለእጅ ሥራ ወዳጆች» ብለሽ ያመሰገንሽውን የእንግሊዝኛ ኦዲዮ ቡክ እዚሁ ጎንደር ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የሶፋ ዳንቴል እየሠራሁ ሰማሁት። ኧረ በስመ አብ! ኪሮሽ አስተማሪ ነች የተባለችው መርማሪ «ሁለቱን መርፌዎች» እያጋጨች ታስባለች። እሱ እኮ ሹራብ ነው! ኪሮሽ አንድ ናት፣ ጫፏ ቆልመም ያለ። ክሩን ጠምጥመሽ በቀለበቱ ውስጥ ስበሽ ታወጫለሽ፣ በቃ። ይህን ያላጣራ ደራሲ በዳንቴል ጥለት ነፍሰ ገዳይ ሲያስይዝ ማን ያምነዋል?

ደም የማይበዛበት፣ ለስለስ ያለ የወንጀል ታሪክ ነፍሴ ነው። ግን ገና ጀበናው ሳይወርድ ገዳዩን አወቅሁት። ተራኪዋማ ሟችንም ጎረቤቱንም ፖሊሱንም በአንድ ድምፅ ትወጣቸዋለች። በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ጆሮው ለተገራ ሰው ቅጣት ነው። ለመሆኑ አንቺ እስከ መጨረሻው ሰምተሽዋል?